የከሰል ፍምና የማይታየው ጋዝ

በክረምት ወራት ብርድ በበረታ ጊዜ፣ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አግብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። አያሌ ሰዎችም ከሰሉን በደጅ አቀጣጥለው፣ ጪሱ ካለቀ በኋላ ፍሙን ስለሚያስገቡ ከአደጋ የዳኑ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሰውን በእንቅልፉ ሳለ የሚገድለው ዐይን የሚያየው ጪስ ሳይሆን ዐይን የማያየው ጋዝ ነው። ነገሩን ለመረዳት ከኬሚስትሪ ትምህርት ጥቂቱን ማወቅ ይበቃል።

በዙሪያችን የምናየው ነገር ሁሉ ከንጥረ ነገሮች የተሠራ ነው። የአንድ ንጥረ ነገር ባሕርይ ሳይጠፋ የሚገኘው እጅግ ትንሹ ክፍል አቶም ይባላል። ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች በተወሰነ መጠን ተዋሕደው አዲስ ባሕርይ ሲያገኙ ውሑድ ይሆናሉ፤ ሳይዋሐዱ ቢቀላቀሉ ግን ድብልቅ ናቸው። የምንተነፍሰው አየር ድብልቅ ነው፤ ከመቶው 78 ያህሉ ናይትሮጅን፣ 21 ያህሉ ኦክሲጅን ነው።

ከሰል አብዛኛው ካርቦን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ከሰል ነደደ ማለትም ካርቦኑ በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ተዋሐደ ማለት ነው። አየር እንደ ልብ ሲገኝ አንዱ የካርቦን አቶም ሁለት የኦክሲጅን አቶሞች ይዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይኸውም በምንተነፍስበት ጊዜ ከሳንባችን የሚወጣው ጋዝ ነው። አየር ሲያንስ ግን አንዱ ካርቦን አንድ ኦክሲጅን ብቻ ይዞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ይሆናል። በተከመረ ፍም መካከል አየር በሚገባ ስለማይደርስ፣ ደኅና የቀላ ፍምም ቢሆን ይህን ጋዝ ያወጣል። በደጅ ነፋስ ይበትነዋል፤ በተዘጋ ቤት ይከማቻል።

ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ በርናር በ1857 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ መርዙ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ የሚነጥቅ መሆኑን አስረድቶ ነበር። በደማችን ኦክሲጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ በውስጥ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጕልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። በቤቱ ውስጥ ሻማ መብራቱም አየሩ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ ፍም ባለበት ክፍል ከቶ መተኛት አይገባም። ቡና በሚፈላበት ጊዜም በርና መስኮት ይከፈት። በከሰል የታፈነ ሰው ቢገኝ፣ የሚረዳው ሰው በሩን ከፍቶ ሕመምተኛውን ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ያውጣ፤ ኦክሲጅን እንዲሰጠውም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ያድርሰው። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱ አደራ እንላለን፤ ልጆች በትምህርት ቤት የሰሙትን ማታ በየቤታቸው ይናገራሉና።