ሲጃራ ሲቀር የመንግሥት ግምጃ ቤት ይጎድላልን?

በእብናት ገበያ ሲጃራ በአደባባይ ደረትን ነፍቶ የሚጨስ ነገር አይደለም። ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ብቅ ያለ እንደ ሆነ በመዳፍ ውስጥ ይደበቃል፤ አለዚያም በጫማ ይረገጣል። ይህ እፍረት ትናንት የመጣ አይደለም። ደብረ ታቦርን ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ አድርገዋት የነበሩት ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ (ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት) ትምባሆን በአዋጅ ከልክለው፣ በሚያጨሰውና ሱረት በሚስበው ሰው ላይ ከባድ የአካል ቅጣት ደንግገው ነበር። በዚያ ዘመን መንግሥት ከትምባሆ የሚሻው ገንዘቡን ሳይሆን መጥፋቱን ነበር።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1942 የትምባሆ ንግድ በመንግሥት እጅ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ፣ ሕዝቡ «ትምባሆ ሞኖፖል» ብሎ የሚጠራው ድርጅት በተቋቋመ ጊዜ ግን፣ ያው ነውር የተባለው ጢስ የመንግሥት ገቢ ምንጭ ሆነ። ከወጣት የቢሮ ሠራተኞች ጋር ስንጨዋወት አንዳንድ ጊዜ የምንሰማው ጥያቄም ከዚህ የሚነሣ ነው፤ «ሰዉ ሁሉ ማጨስ ቢተው ደመወዛችን ከየት ይመጣል?» ይላሉ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ሒሳቡን ግን ማየት ይገባል።

ለምሳሌ ያህል በእብናት ወረዳ የሚሠራና በቀን 5 ፍሬ የሚያጨስ አንድ ጸሐፊ እናስብ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በሲጃራ ላይ 30 በመቶ፣ በዚህም ላይ 20 ፍሬ በሚይዘው በያንዳንዱ ባኮ 8 ብር ጣለ። 8 ብር ለ20 ሲካፈል በፍሬ 40 ሳንቲም ይደርሳል። እንግዲህ ጸሐፊያችን በዚህ ስሌት በቀን 2 ብር፣ በዓመት 730 ብር ለግምጃ ቤቱ ይከፍላል ማለት ነው። ታክሱ የሚሰበሰበው ከፋብሪካው ስለ ሆነ፣ መክፈሉን ራሱም ልብ አይለውም።

ማጨሱን ቢተው ይህ ገንዘብ ይቀራል። «በቆጠበው ገንዘብ ሌላ ዕቃ ስለሚገዛ ታክሱ በሌላ በር ይገባል» የሚሉ አሉ። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። የእብናቱ ጸሐፊ ግን ያንን ብር ይዞ ከገበሬው እጅ ጤፍና በርበሬ ቢሸምትበት፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ የለምና ግምጃ ቤቱ ምንም አያገኝም። ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ብሩ አልጠፋም፤ ወደ ገበሬው ቤት ሄደ። ለዓመታት በሴፍቲኔት ሲደገፍ በኖረ ወረዳ ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ደግሞስ የሚያጨሰው ስንት ነው? እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2016 በአገራችን በተደረገ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ከአዋቂዎች 5 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸው ታውቋል። ከነዚህም መካከል ከጓሮው የለቀመውን ትምባሆ በጋያ የሚያጨሰው ሰው ለግምጃ ቤቱ ያተረፈለት ሳንቲም የለም።

የፊሊፒንስ መንግሥት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2012 መጨረሻ ባወጣው ሕግ የሲጃራን ታክስ እጅግ ከፍ አደረገ። በተከታዩ ዓመት ከትምባሆ የተገኘው ታክስ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ በ2009 ከአዋቂዎች 28 በመቶ ገደማ የነበሩት አጫሾች ግን በ2015 ወደ 23 በመቶ ገደማ ወረዱ። አጫሹ ቀነሰ፣ ገቢው አደገ! ምክንያቱ ሱስ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች የሲጃራ ዋጋ በ10 በመቶ ቢጨምር ፍጆታው የሚቀንሰው በ5 በመቶ ያህል ነው። 100 ባኮ ይሸጥ የነበረው 95 ቢሆን፣ ከፍ ያለው የ95ቱ ታክስ ከቀድሞው የ100 ታክስ ይበልጣል።

ስለዚህ ግምጃ ቤቱን የሚጎዳው ሲጃራ የተወው ሰው አይመስለንም። የሚጎዳው እንደ 8 ብሩ ያለ ቁርጥ ታክስ ሳይታደስ ሲቆይ ነው። የጤፍ፣ የዘይት፣ የሲጃራውም ዋጋ እየወጣ ሲሄድ 8 ብር በየጊዜው ካልታደሰ ያው 8 ብር ነው፤ አንድም ሰው ማጨሱን ሳይተው ገቢው ይቀልጣል። ከዚህም ሌላ መንግሥት ዛሬ እንደ ቀድሞው የፋብሪካው ባለቤት አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2016 እና በ2017 አንድ የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን፣ 30.95 በመቶውን ደግሞ በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። በአክሲዮን ያገኝ የነበረው ትርፍ ቀርቶ፣ የመንግሥት ድርሻ ታክሱ ሆነ ማለት ነው።

የጸሐፊያችን 730 ብር በገቢ መዝገብ ላይ በግልጥ ይታያል። ሳንባው ታሞ ደብረ ታቦር ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ለአልጋውና ለመድኃኒቱ የሚወጣው፣ ከሥራ የቀረበትም ቀን ደመወዝ ግን «ትምባሆ» በሚል ርእስ ሥር አይጻፍም። እስከዚያው ድረስ ከሱቅ በደረቴው ልጅ አንድ አንድ ፍሬ እየገዛ ታክሱን ይከፍላል፤ ባኮው በኮንትሮባንድ የገባ ካልሆነ በቀር።