ውሻችን መቻል ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ

የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት እንዴት ነበር? ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሄዳችሁ እንደነበር አውቃለሁ። ለመሆኑ ስትሄዱ ውሻችሁን ምን አደረጋችሁት? ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

አምና እኛ ውሻችንን መቻልን ጓሮ አስረን ሄድን። ለጎረቤታችን ልጅ "እባክሽ ፍርፋሪ ጣል አድርጊለት" ብለን አደራ ሰጠናት። እሷ የክፍል ጓደኛዬ ናት። በሁለተኛው ቀን መቻል ገመዱን በጠሰ። ምግብ ይዛ ስትመጣ ባቷን ነከሳት።

እናቷ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደጋግመው አጥበው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ "ውሻው ተከትቧል ወይ?" የሚል ነበር። አልተከተበም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ጓደኛዬ በተለያዩ ቀናት እየተመላለሰች መርፌ ተወጋች። መቻል ደግሞ ለ10 ቀን ታስሮ እንዲጠበቅ ታዘዘ። እነዚያን 10 ቀናት አልረሳቸውም። ጧት ስነሳ መጀመሪያ የማየው መቻል ውሃ መጠጣቱን ነበር። ደግነቱ ምንም አልሆነም። ከጓደኛዬ ጋር ግን እስከ ፋሲካ ድረስ አልተነጋገርንም። አሁን ታርቀናል፤ ይህን እንድጽፍም የፈቀደችልኝ እሷ ናት።

ለምን 10 ቀን? የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ዓይን በማያየው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በታመመው ውሻ ለሃጭ ውስጥ ይገኝና በንክሻ፣ በጭረት ወይም ለሃጩ ቁስል ሲነካ ወደ ሰው ይገባል። ከዚያ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ውሻው ሲነክስ ለሃጩ ውስጥ ቫይረስ ከነበረ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ይታመማል ወይም ይሞታል። ደህና ከሆነ ግን በዚያች ንክሻ በሽታው አልተላለፈም ማለት ነው። ሰው ላይ ሲሆን ምልክቱ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ "ውሻውን አይተን እንወስን" ተብሎ መርፌው አይዘገይም።

ክትባቱን የጀመረው ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ውሻ የነከሰውን ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ አዳነው። ልጁ ዕድሜው የእኛ ታናናሾች ያህል ነበር ማለት ነው! አዲስ አበባ ጉለሌ ያለው "ፓስተር" የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው በዚህ ሰው ስም ከተቋቋመ የምርምር ቦታ ነው።

ዘንድሮ መቻልን ይዞ የመሄዱን ሐሳብ ያመጣችው እንግሊዝ አገር ያለችው አክስቴ ናት። ክረምት ላይ ደውላ "ከነልጆቼ ከነውሻችን ባሕር ዳር ነን" አለችን። እኔም ደስ ብሎኝ "መቼ መጣሽ? ጣናን አየሽው?" አልኳት። እስኪበቃት ሳቀች። ለካ ኮርንዋል በሚባል፣ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ባለ የባሕር ዳርቻ ኖረዋል!

እዚያ ቤተሰብ ለዕረፍት ሲወጣ ውሻውንም ይዞ ይሄዳል። ውሻ የሚቀበል ማረፊያ ቤት አስቀድመው ይይዛሉ። ነገር ግን ሕግ አለው። ውሻው ከቤት ሲወጣ የባለቤቱ ስምና አድራሻ የተጻፈበት የአንገት ማሰሪያ ያደርጋል። ከፈረንጆቹ 2016 ጀምሮ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታህል መለያ ቁጥር ያላት ቺፕ ከቆዳው ሥር ይደረግለታል። ዓይነ ምድሩን ባለቤቱ በፌስታል ያነሳል። አንዳንድ ዳርቻዎች በበጋቸው ወራት ሰው ሲበዛ ውሻ ጭራሽ አያስገቡም።

እንግሊዞች የእብድ ውሻ በሽታን ከአገራቸው ውሾች ያጠፉት በፈረንጆቹ 1922 ነው። አገራቸው ደሴት ስለሆነ ከውጭ የሚገባን ውሻ 6 ወር ለብቻው እያቆዩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። እኛን ባሕር አያጥረንም፤ ውሾቻችንም ከገበያ ገበያ እንደልባቸው ይዞራሉ። ስለዚህ የእኛ አጥር ክትባቱ ነው።

አባዬ ይህን ሰምቶ "እንግዲያው ዘንድሮ መቻልን ትተነው አንሄድም" አለ። ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብለን ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደን አስከተብነው። አንድ ወር የቀደምነው መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ እስኪሠራ ሳምንታት ስለሚፈልግ ነው። የመኪናው ጉዳይ ግን አስቸገረን። የሚኒባሱ ረዳት ገና ሲያየው "ውሻ አንጭንም!" አለ። እውነቱን ነው፤ ሰው ተጨናንቆ በተቀመጠበት ውሻ ማስገባት አይሆንም። በመጨረሻ ከስናን ድንች አምጥቶ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ አገኘን። እማዬና እኔ ከፊት፣ አባዬና መቻል ከኋላ ከባዶው ጆንያ ጋር ሄድን። እንዳያስመልሰው ብለን ጧት ምግብ አልሰጠነውም፤ ውሃ ብቻ።

አያቶቼ የሚኖሩት ስናን ወረዳ፣ ከጮቄ ተራራ በታች ነው። ጮቄ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ለዓባይ የሚገብሩ ብዙ ወንዞች የሚነሱበት ተራራ ነው። አባባ መቻልን ሲያዩ "ጉድ እኮ ነው! ውሻ ደሞ ዘመድ ጥየቃ ይመጣል?" አሉ። የመንደሩ ውሾችም እንግዳውን ከበው ሊዘነጣጥሉት ሲሉ አባባ በሽመል በተኗቸው። ከዚያ ወዲያ መቻል ከጎተራው ጎን በጠንካራ ገመድ ታሰረ፤ ሲወጣም አባዬ ይዞት ነው። ከተማ ያደገ ውሻ በግ አያውቅም፤ ቢለቀቅ ያባርር ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት ጅብ ወደ በጎቹ ጋጣ መጣ። ቀድሞ የጮኸው መቻል ነበር። አባባ ጧት እንጀራ በእጃቸው እየሰጡት "ውሻ በበላበት ይጮኻል ማለት ይሄ ነው" አሉ። እኔም አምና ያን ያህል የጠላሁትን ውሻ አቀፍኩት።

ስንመለስ ለሳይንስ መምህራችን ይህን ስነግራቸው አንድ ነገር ጨመሩልኝ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ድሮ ጮቄ ላይም ይኖር ነበር፤ ዛሬ ግን እዚያ የለም። በባሌ ተራሮች ደግሞ ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በተለያዩ ጊዜያት ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል። በመላው አገራችን የቀሩት ከ500 አይበልጡም። ለካስ አንድ ውሻ መከተቡ ለሰው፣ ለከብትም ለዱር እንስሳም ነው።

እንግዲህ ውሻ ያላችሁ ተማሪዎች፣ እነዚህን አምስት ነገሮች ያዙልኝ፦

1. ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ፤ ወረቀቱንም አስቀምጡ።
2. ጉዞ ካለ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት አስቡበት። ትታችሁት የምትሄዱ ከሆነ ለትንሽ ልጅ ሳይሆን ለሚያውቀው ትልቅ ሰው አደራ ስጡ።
3. ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ቡችሎች ስታጠባ ውሻ አትንኩ። የማታውቁት ውሻ ሲመጣባችሁ አትሩጡ፤ ቁሙ።
4. ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጠበል የሚሄድም፣ የባህል መድኃኒት የሚፈልግም ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይድረስ።
5. ቤት ይቆጡኛል ብላችሁ ንክሻ አትደብቁ። ትንሽ ጭረትም ብትሆን ተናገሩ።

መስከረም 18 አካባቢ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በዓለም ይከበራል። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ክበባችን በሰልፍ ሰዓት ስለዚህ እንዲናገር ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ጓደኛዬም አብራኝ ማይክራፎን እንደምትይዝ ቃል ገብታልኛለች።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ለ