ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በቤት ስለሚደረግ ጥንቃቄ

በነቀምቴ ጥርሱን አስነቅሎ በዚያው ቀን ወደ ጊምቢ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ የሚመለስ ሰው፥ ሌሊት ደም ቢያይ ነቃዩ ሐኪም ከአጠገቡ የለም። ስለዚህ ቁስሉን መጠበቅ የራሱና የቤተ ሰቡ ሥራ ይሆናል።

በጥርሱ ጕድጓድ ውስጥ የረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው። እርሱ ከወለቀ አጥንቱ ይራቆትና በሦስተኛው ቀን ገደማ እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመም ይነሣል። ብዙዎች ግን፥ ለንጽሕና ብለው፥ በመጀመሪያው ቀን አፋቸውን ደጋግመው በውሃ ወይም በአረቄ ሲያጥቡ ይህንኑ ክዳን ነቅለው ይጥሉታል። 24 ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ መጕመጥመጥ፥ በኃይል መትፋትና ሲጃራ መሳብ አይገባም። ከዚያ ወዲያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ከምግብ በኋላ ቀስ ብሎ መጕመጥመጥ ይጠቅማል።

የወለጋን ሰው ቡና ተው ማለት ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ቀዝቅዞ ይጠጣ እንጂ አንከለክልም። በቅቤ የሚቆላው ቡና ቀላ ግን ስብርባሪው ከቁስሉ ስለሚገባ ለሚመጣው ሳምንት ይቆይ። ተቀቅሎ የላመ አንጮቴ፥ ሲበርድ፥ መልካም ምግብ ነው።

ደም ቢፈስ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በቁስሉ ላይ ለ30 ደቂቃ ሳያነሡ መንከስ ነው። ካልቆመ፥ ወይም ትኩሳት ቢመጣ፥ መዋጥም ቢያቅት፥ ሌሊትም ቢሆን በቅርብ ወደሚገኘው ሐኪም ቤት ይሂዱ።