ስለ እግር ችፌና ስለሚቀባለት ቅባት

በየቤቱ ካሉት አረጋውያን መካከል ከቍርጭምጭሚቱ በላይ ያለው ቆዳ ጠቍሮና ተሰነጣጥቆ፥ ሌሊት እያሳከከ እንቅልፍ የሚነሣው ሰው አይታጣም። ይህ የእግር ችፌ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ደምን ወደ ልብ የሚመልሱት የደም ሥሮች ሲደክሙ ነው፤ ደሙ ወደ ላይ መውጣት ተስኖት በታች ሲጠራቀም እግሩ ያብጣል፥ ቆዳውም ይታመማል፥ አንዳንድ ጊዜም ይቈስላል። ዛሬ ግን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጥ ያሰብነው የደሙን ነገር ሳይሆን የቅባቱን ነገር ነው።

ቤተ ሰብ ለታማሚው ከማዘኑ የተነሣ አንዱ ልጅ ከመድኃኒት ቤት፥ ሁለተኛው ከጎረቤት፥ ሦስተኛው ከውጭ አገር ቅባት ያመጣለታል። እግሩም ያን ሁሉ ተቀብቶ በፋሻ ይጠቀለላል። ከፍቅር የሚደረግ ነውና ማንንም አንወቅስበትም። ነገር ግን በጤናማ ቆዳ ላይ ምንም የማያደርገው ነገር በተላጠው ቆዳ በኩል በቀላሉ ይገባል፤ ፋሻውም አፍኖ ያቈየዋል። ከዚህ በኋላ ሰውነትን የሚጠብቀው ኃይል ያን ነገር እንደ ጠላት ይለየዋል፤ አንድ ጊዜ ከለየውም ለብዙ ዘመን አይረሳውም። ሐኪሞች ይህን የንክኪ አለርጂ ይሉታል። የእግር ችፌና ቍስል የቈየባቸው ሰዎች ሲመረመሩ፥ በብዙ ምርመራ ከግማሽ የሚበልጡት እንዲህ ያለ አለርጂ ተገኝቶባቸዋል።

ክፋቱ ቍጣው የሚታየው ከተቀቡ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ መሆኑና መልኩም ያንኑ ችፌ መምሰሉ ነው። ስለዚህ ቅባቱ አነሰው ተብሎ ይጨመርበታል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት ከበግ ጠጉር የሚወጣው ላኖሊን የሚባለው ስብ፥ የፔሩ በለሳንና ልዩ ልዩ ሽቱ፥ ኒዮማይሲን የሚባለው መድኃኒት፥ ቅባቱ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ቅመም፥ በፕላስተር ሙጫ ውስጥ ያለው ኮሎፎኒና ለጎማ መሥሪያ የሚገባው ቅመም ናቸው። ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር አይጐዳም የሚሉ ሰዎች በለሳኑም የበጉም ስብ ከተፈጥሮ መሆናቸውን ያስቡ። ይልቁንም የሚያስደንቀው እከኩን ለማስታገስ የሚታዘዘው የኮርቲዞን ቅባት ራሱ አንዳንዱን ሰው ማስቈጣቱ ነው።

ጥፋተኛውን ለይቶ የማወቂያውን መንገድ ያሳየው ዮዜፍ ያዳሶን የሚባል ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም ሲሆን፥ ይኸውም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. ነው። ዛሬም የሚጠረጠሩት ነገሮች በጥቂት በጥቂቱ በታማሚው ጀርባ ላይ ተለጥፈው 2 ቀን ይቈያሉ፤ ከተነሡ በኋላ ቆዳው ይታያል፥ በ4ኛው ቀን ገደማም ዳግመኛ ይታያል። ኒዮማይሲንና ኮርቲዞን ዘግይተው ስለሚገለጡ አንዳንድ ጊዜ እስከ 7ኛው ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ቅባቱን ሁሉ ከነዕቃው፥ የአገር መድኃኒትም ቢሆን ሳይደብቁ ይዞ መሄድ ይገባል። የጎማ አለርጂ የተገኘበትም ሰው እግሩን አጥብቆ የሚይዘውን ካልሲ ፈጽሞ እንዳይተው፤ ደሙን ወደ ላይ የሚረዳው እርሱ ነውና፥ ጎማ የሌለበት እንዲታዘዝለት ሐኪሙን ይጠይቅ።