በሠፈራ ቦታዎች የሚካሄደው የመሬት ምንጣሮና የትልልቅ ዛፎች አጠባበቅ

መግቢያ

በድርቅ ከተጎዳ አካባቢ ተነሥቶ ወደ አዲስ ቦታ የሚገባ ገበሬ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሚታረስ መሬት ነው። መሬቱ ግን ብዙውን ጊዜ በጥሻ፣ በሐረግ፣ በረዥም ሣርና በቀርከሃ ተሸፍኖ ስለሚገኝ ዘር ከመዘራቱ በፊት መመንጠር ይኖርበታል። ክረምቱ ሳይገባ ለመድረስ ሲባልም ምንጣሮው በጥድፊያ ይካሄዳል። በዚህ ጥድፊያ ከሚጠፋው ሁሉ ለመተካት እጅግ አስቸጋሪ የሚሆነው ትልቁ ዛፍ ነው። ማሽላ በአንድ ክረምት ይደርሳል፤ ጎጆም በጥቂት ሳምንታት ይቆማል፤ ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው ዋንዛ ወይም ሾላ ግን ዛሬ ቢተከል የሚደርሰው ለተካዩ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ነው።

በአገራችን ይህ ጉዳይ በሰፊው ያጋጠመው ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በአብዛኛው ከወሎ፣ እንዲሁም ከትግራይ፣ ከሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል በተወሰደበት ጊዜ ነበር። የዚያ ሠፈራ አፈጻጸም፣ በተለይም ብዙ ሰዎች ያለፈቃዳቸው መወሰዳቸው፣ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ነው። ከመሬት አጠቃቀም አንጻር ሲታይ ግን በመተከል በበለስ ሸለቆ ብቻ ከ80,000 በላይ ሕዝብ ሲሠፍር ሰፋፊ ጫካ በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ በከባድ መሣሪያዎች ጭምር፣ መመንጠሩ የታወቀ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ 440,000 አባወራዎችን ለማሥፈር የታቀደ ነበር። ሕዝብ በድርቅም ሆነ በሌላ ምክንያት ከቦታ ወደ ቦታ በሚዛወርበት ጊዜ ሁሉ የምንጣሮ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥሻው ሲጸዳ ትልልቆቹ ዛፎች ሳይጎዱ የሚቀሩበትን አሠራር ለጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለእርሻ ባለሙያዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች በአጭሩ መግለጽ ነው።

ሀ/ ትልቅ ዛፍ የሚሞተው በምንድን ነው?

አንድ ዛፍ በመጥረቢያ እስካልተቆረጠ ድረስ «ተርፏል» ተብሎ ይቆጠራል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በምንጣሮ ጊዜ ሳይቆረጡ ከቀሩት ዛፎች መካከል ብዙዎቹ የሚሞቱት በዙሪያቸው ባለው መሬት ላይ በሚደርሰው ጉዳት ምክንያት ነው።

የትልቅ ዛፍ ሥር ብዙ ሰው እንደሚገምተው እንደ ግንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ጥልቅ የሚወርድ ብቻ አይደለም። ውኃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው ከመሬቱ ገጽ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ባለው አፈር ውስጥ ተዘርግተው፣ የቅርንጫፉ ጥላ ከሚያርፍበት ስፍራ አልፈው ይሄዳሉ። እነዚህ ሥሮች ውኃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይሻሉ። ቡልዶዘር ወይም የተጫነ ትራክተር በላያቸው ሲያልፍ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያሉት ክፍተቶች ይደፈናሉ፤ ውኃ አይሰርግም፤ ሥሩም ይታፈናል። ከዚህ ጉዳት አብዛኛው የሚደርሰው መሣሪያው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ሲያልፍ ስለሆነ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለፍነው» የሚለው ምክንያት ዛፉን አያድነውም። መሬቱ እርጥብ፣ በተለይም ጥቁር አፈር ሲሆን፣ ጉዳቱ የባሰ ይሆናል።

ሁለተኛው የጉዳት መንገድ ቅርፊት ነው። ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል ነው። ቅርፊቱ በዙሪያው ከተላጠ ሥሩ ምግብ አጥቶ ይሞታል፤ ዛፉ ግን በሥሩና በግንዱ ባከማቸው ምግብ ለአንድ ክረምት ወይም ከዚያ በላይ ለምልሞ ሊታይ ይችላል። በአዲስ ሠፈራ ቦታ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ጎጆዎች ስለሚሠሩ ለማሰሪያ የሚሆነው ልጥ በብዛት ይፈለጋል። ልጡ የሚላጠው ለጥላ ተብለው ከቀሩት ዛፎች እንዳይሆን ካልተጠበቀ፣ በምንጣሮ የዳነው ዛፍ በቤት ሥራ ይሞታል።

ሦስተኛው በሥር ላይ አፈር መከመር ወይም አፈሩን ጠርጎ መውሰድ ነው። ከፍ ብሎ የተከመረ አፈር ሥሩን ከአየር ይለያል፤ የተጠረገ አፈርም ቀጫጭኖቹን ሥሮች ይዞ ይሄዳል።

የእነዚህ ጉዳቶች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ ዘግይተው መታየታቸው ነው። ዛፉ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያም ቅጠሉ ይሳሳል፤ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ፣ ይሞታል። በዚያን ጊዜ ምንጣሮውን የመራው ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ፣ ሪፖርቱም «ዛፎች ተጠብቀዋል» ተብሎ መዝገብ ቤት ገብቶ ይሆናል። የዛፉን ሞት ከምንጣሮው ጋር የሚያያይዘው ስለማይኖር ያው ስሕተት በሌላው ጣቢያ ይደገማል።

ለ/ ከምንጣሮው በፊት ሊሠራ የሚገባው

የሚቀሩት ዛፎች መመረጥ ያለባቸው መሣሪያና የሰው ኃይል ወደ ቦታው ከመግባቱ በፊት ነው። ገጀራ የያዘ ሰው ቆሞ እንዲመርጥ መጠበቅ አይቻልም። በምርጫው ጊዜ የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰቡ ይገባል።

1. የአካባቢውን ነባር ሕዝብ መጠየቅ። ከሩቅ ለመጣ ባለሙያ ባለቤት የሌለው ጫካ የሚመስለው መሬት ብዙ ጊዜ ባለቤት አለው። በመተከል ጉሙዞች መሬቱን እያፈራረቁ ሲያርሱበት፣ ሲያድኑበትና ማር ሲቆርጡበት የኖሩ ናቸው። በሸካ ደግሞ ደኑ ቀፎ ለሚሰቅሉ ሰዎች ተከፋፍሎ የሚያዝበት «ኮቦ» የሚባል ልማድ አለ። ቀፎ የሚሰቀልበትን፣ መቃብር ያለበትን ወይም ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበትን ዛፍ መቁረጥ ከእንጨት ኪሣራ አልፎ በነባሩና በሠፋሪው መካከል ቂም ይተክላል።

2. ለእርሻ የሚሰጠውን ጥቅም ማየት። ዋንዛ አበባው ለንብ፣ ፍሬው ለምግብ፣ እንጨቱ ለበርና ለቤት ዕቃ ሲሆን፣ ለቡናም ጥላ ይሆናል። በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልመው የግራር ዓይነት ከሰብሉ ጋር ብርሃን ስለማይሻማ በሐረርጌ ደጋ ገበሬዎች ማሽላቸውን ከሥሩ ይዘራሉ። ሾላና ዋርካ ለሰውም ለከብትም ጥላ ናቸው።

3. ዛፎችን በቡድን ማስቀረት። በጥሻ መካከል ተጨናንቆ ያደገ ዛፍ ግንዱ ቀጭንና ረዥም ስለሚሆን በዙሪያው ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ሲነሣ ነፋስ ይጥለዋል፤ ጥላ የለመደውንም ቅርፊት ፀሐይ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ሰፊ ቅርንጫፍ ያላቸውን ጠንካራ ዛፎች ለብቻቸው፣ ሌሎቹን ግን አምስትም አሥርም በአንድነት ማስቀረት ይሻላል።

የተመረጡት ዛፎች ከሩቅ በሚታይ ቀለም ወይም ጨርቅ ምልክት ተደርጎባቸው በመዝገብ መግባት አለባቸው። ምልክት ለማድረግ ቅርፊትን በመጥረቢያ መፋቅ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሐ/ የጥበቃ ክበብ አለካክ

ዛፉን መጠበቅ ማለት ከሁሉ በላይ በዙሪያው ያለውን መሬት መጠበቅ ስለሆነ የማይነካው ክበብ ስፋቱ መታወቅ አለበት። በደን ሥራ ላይ የተለመደው ደንብ ከግንዱ እስከ ክበቡ ጠርዝ ያለው ርቀት የግንዱን ውፍረት አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል እንዲሆን ያዝዛል። በመስክ ላይ ይህን በቀላሉ ለመለካት አንድ ገመድ ይበቃል። ገመዱን በደረት ቁመት፣ ማለትም ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ግንዱን አንድ ዙር ማዞር፤ ከዚያም የዙሩን ርዝመት አራት ጊዜ ከግንዱ ወደ ውጭ መለካት ነው። ለምሳሌ ዙሪያው 1 ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዋንዛ ክበቡ ከግንዱ 7 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። የቅርንጫፉ ጥላ ከዚህ አልፎ የሚሄድ ከሆነ ጥላው የሚያርፍበት ይወሰዳል። በክበቡ ጠርዝ ላይ ችካል ተተክሎ በገመድ ወይም በእሾህ ይታጠራል።

ይህ ብዙ የእርሻ መሬት የሚያባክን ሊመስል ይችላል። ከላይ የተጠቀሰውን ያህል ውፍረት ያላቸው 8 ዛፎች በአንድ ሄክታር ላይ ቢቀሩ ክበቦቻቸው በድምሩ 1,450 ካሬ ሜትር ያህል፣ ማለትም የመሬቱን አንድ ሰባተኛ ግድም ይይዛሉ። ዛፎቹ በቡድን ሲቀሩ ግን ክበቦቹ ስለሚደራረቡ የሚያዘው መሬት ያንሳል። ክበቡም ጦም የሚያድር አይደለም፤ ሣር ይታጨድበታል፤ ቀፎ ይሰቀልበታል፤ ቦታው ተስማሚ ከሆነም በጥልቀት ሳይቆፈር ቡና ወይም ኮረሪማ ሊተከልበት ይችላል።

መ/ የምንጣሮው አሠራር

ለምንጣሮ የሚመቸው ጊዜ መሬቱ ደረቅና ጠንካራ የሚሆንበት የበጋው ወራት ነው። ከባድ መሣሪያ የሚሠራው ከክበቡ ውጭ ብቻ ሲሆን፣ የሚመላለስበት መንገድ አስቀድሞ ተወስኖ ከዚያ እንዳይወጣ መደረግ አለበት። በክበቡ ውስጥ ያለው ጥሻ የሚነሣው በእጅ፣ በገጀራ፣ በማጭድና በመጋዝ ነው። ይህም ለሠፋሪው የቀን ሥራ የሚያስገኝ በመሆኑ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ሊያዝ የሚችል ተግባር ነው።

በክበቡ ውስጥ ያለ ቁጥቋጦ ከመሬት እኩል ተደርጎ ይቆረጣል እንጂ አይነቀልም፤ ሲነቀል የትልቁን ዛፍ ሥር ይዞ ይወጣልና። ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ለምለም ደጋግሞ ከታጨደ ጉቶው ራሱ ይደክማል። በዛፉ ላይ የተጠመጠመ ሐረግ በጉልበት ከፍታ አንድ ጊዜ፣ በመሬት ላይ ደግሞ ሌላ ጊዜ ተቆርጦ መካከሉ ይወጣል፤ ላይኛው ክፍል በዛፉ ላይ እንዳለ ደርቆ እስኪረግፍ ይተዋል። ሐረግን ጎትቶ ማውረድ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ ከግንዱ ላይ በገጀራ መጥረብም ቅርፊቱን ያቆስላል። በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ደግሞ ምስጥ ስለሚበዛ ቁስል ለግንዱ መበስበስ በር ይከፍታል። ከክበቡ ውጭ ጉቶ ሲነቀል ወደ ክበቡ የሚያልፉ ሥሮች ከተገኙ በመሣሪያ ከመበጠስ ይልቅ በመጋዝ ለስላሳ ተደርገው መቆረጥ አለባቸው።

ለገንዲ በሽታ ምክንያት የሆነውን የቆላ ዝንብ ለማጥፋት ዛፍ ሁሉ መቆረጥ አለበት የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። የሠፋሪው በሬ በገንዲ ማለቁ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ዛሬ ዝንቡን በወጥመድ፣ መድኃኒት በተነከረ ጨርቅና በከብቱ ጀርባ ላይ በሚፈስ መድኃኒት መቀነስ ስለሚቻል መሬቱን ማራቆት አስፈላጊ አይደለም።

ሠ/ እሳት

የተመነጠረውን ጥሻ በቦታው ማቃጠል የተለመደ ቢሆንም ለትልልቅ ዛፎች ትልቁ አደጋ ይኸው ነው። የክምር እሳት ሙቀት ቅርፊቱ ሳይነድ እንኳ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለውን ሕያው ሽፋን ይገድለዋል። ስለዚህ ጥሻው በተቻለ መጠን ለአጥር፣ ለማገዶና በተዳፋት መሬት ላይ አፈር ለሚይዝ እርከን መዋል ይኖርበታል። የግድ መቃጠል ያለበት ከሆነ ክምሩ ትንንሽ ተደርጎ ከክበቡ ርቆ፣ ነፋሱ ወደ ዛፉ በማይነፍስበት ሰዓት ይቃጠል፤ በክበቡ ዙሪያ ያለው ደረቅ ሣርም አስቀድሞ ይታጨድ። ውኃና ቅጠል የያዙ ሰዎች እሳቱ እስኪጠፋ ሊቆሙ ይገባል። ከሰል የሚከሰልበት ጉድጓድም በክበቡ ውስጥ ፈጽሞ መቆፈር የለበትም።

ረ/ ከምንጣሮው በኋላ

ዛፉ ከምንጣሮ ከተረፈ በኋላ በሰዎች ፍቅር ሊጎዳ ይችላል። ሁሉም ጥላውን ስለሚሻ ከብት ከግንዱ ጋር ይታሰራል፤ የእህል ማከፋፈያ መኪና ከሥሩ ይቆማል፤ መጸዳጃ ጉድጓድ በአጠገቡ ይቆፈራል። ለመሰብሰቢያ የሚሆን አንድ ዛፍ ተለይቶ ሌሎቹ ከዚህ ሁሉ ሊጠበቁ ይገባል።

የጣቢያው ሪፖርት ምንጣሮው ባለቀበት ቀን የቆሙትን ዛፎች ቁጥር ብቻ መያዙ በቂ አይደለም። በመዝገብ የገቡት ዛፎች በየዓመቱ ክረምት ማብቂያ ላይ እየታዩ፣ ጫፋቸው የደረቀና ቅጠላቸው የሳሳ እየተለዩ፣ ቆጠራው እስከ ሦስተኛው ዓመት ቢቀጥል ምንጣሮው በእርግጥ ምን እንዳስቀረና ምን እንዳጠፋ ይታወቃል። ኃላፊው ቢዛወርም መዝገቡ ለተተኪው መተላለፍ አለበት።

ማጠቃለያ

ከሰሜኑ ደጋ የመጣ ሠፋሪ ትልቅ ዛፍ ምን እንደሆነ ማስተማር አያስፈልገውም። በትውልድ ቀዬው ወይራው፣ ጽዱና ዝግባው ከእርሻው ሁሉ ጠፍቶ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ብቻ እንደቀረ ያውቃል፤ የተራቆተ መሬት ምን እንደሚያመጣም በራሱ ሕይወት አይቷል። አዲሱን መሬት እንዲያ አድርጎ እንዲጀምር የሚያስገድደው ብዙውን ጊዜ የእኛ ዕቅድና የእኛ ጥድፊያ ነው። መጥረቢያው ከመነሣቱ በፊት የአንድ ሳምንት ጊዜ፣ አንድ ገመድና ጥቂት ችካሎች ቢዘጋጁ፣ እንዲሁም ነባሩ ሕዝብ ቢጠየቅ፣ ሠፋሪው ማሳውንም ጥላውንም በአንድነት ይረከባል። ይህንንም በተግባር ማዋል ከጣቢያ ኃላፊዎችና በሥራው ከተሰማሩ ሁሉ ይጠበቃል።