ቃል የሌለው አልበም ለምን ሆድ ያባባል?

ባለፈው ሴሚስተር ዶርም ውስጥ አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «ግጥም የሌለው ሙዚቃ ምን ሙዚቃ ነው? ሆቴል ውስጥ ሰው ሲበላ የሚከፈት ነገር ነው እንጂ» አለ። እኔም በሰዓቱ መልስ አጣሁ። መልሱን ያገኘሁት ለእረፍት አዋሽ ሰባት ስገባ፣ ያውም ከአባቴ ነው።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳ ነበር። ስለዚያ ዘመን ግን ማውራት አይወድም። ስንጠይቀው «መንገድ መንገድ ነው፣ ምኑ ይወራል?» ብሎ ይዘጋዋል። አንድ ማታ ሙቀቱ እስኪበርድ ደጅ ተቀምጠን ሳለ የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» አልበም ከስልኬ ከፈትኩ። ምን እንደተፈጠረ ከመንገሬ በፊት ግን ስለ አልበሙ ጥቂት ልበል።

ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ዋልያስ አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት የነበረ ባንድ ሲሆን፣ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኝበትን «ቼ በለው» አልበም እ.ኤ.አ. በ1977 አወጣ። በ1981 ባንዱ ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ ሄደ። ከአባላቱ ገሚሱ ሲመለስ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ብቻውን ገብቶ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን እየደራረበ ይህን አልበም ቀዳ። ካሴቱ አገር ቤትም ገባ። ኃይሉ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በታክሲ ሹፌርነት ኖሯል፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ፣ በ2013 «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው የግል አሳታሚው በኩል እንደገና አወጣው። በትልልቅ ኩባንያዎች ሥር ያልሆነ፣ ፈረንጆቹ «ኢንዲ» የሚሉት ዓይነት አሳታሚ ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ይህ ቃል የሌለው ሥራ ስሜታችንን የሚይዘው በምንድን ነው የሚል ነው። እኔ ሦስት ምክንያት አገኘሁ።

አንደኛው ቅኝቱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። ከልጅነታችን ጀምሮ በሰርግም በሬዲዮም ስለሰማናቸው እያንዳንዱ የራሱን ስሜት ይዞ ይመጣል። ዘፋኙ ዝም ቢልም ግጥሙን ጆሯችን ይሞላዋል። በአልበሙ ውስጥ «ሽለላ» የሚል ዜማ አለ። ሽለላ ጀግና የሚያነሳሳ ነገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ግን የሚሸልል ሰው የለም፤ አኮርዲዮን ብቻ ነው ያለው። ያ የጎደለው ድምፅ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

ሁለተኛው የማሽንና የትንፋሽ ነገር ነው። ድራም ማሽን አይደክምም፣ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። አኮርዲዮን ደግሞ ወናፍ አለው፤ አየር ይስባል፣ ይለቃል፣ እንደ ሰው ይተነፍሳል። ከታች የማይለወጥ ምት፣ ከላይ የሚያመነታ ትንፋሽ ሲሆን የሌሊት መንገድን ይመስላል። ሞተሩ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፣ የሹፌሩ ሐሳብ ግን ወዲያና ወዲህ ይላል።

ሦስተኛው የአልበምነቱ ጉዳይ ነው። ነጠላ ዘፈን ደስታ ወይም ሐዘን ሰጥቶን ያልፋል። አልበም ግን በአንድ ድባብ ውስጥ ያቆየናል። እዚህ ያው አንድ ሰው፣ ያው መሣሪያዎች፣ ያው ብቸኝነት ከጎን ኤ እስከ ጎን ቢ ይዘልቃል። ባንዱ ተበትኖ አንድ ሰው የሁሉንም ቦታ ሲሸፍን ይሰማናል።

ወደ አባቴ ልመለስ። ሁለተኛው ዜማ ላይ ስንደርስ ቀና ብሎ «ይሄማ ገዋኔ ነው» አለ።

«ምኑ ነው ገዋኔ፣ አባዬ?»

«ሌሊቱ።»

ከዚያ ሳልጠይቀው ተናገረ። ገዋኔ አካባቢ መኪናው ተበላሽቶበት ከረዳቱ ጋር እስኪነጋ ይህን ካሴት እያገላበጡ ሲሰሙ አድረዋል። ረዳቱ «ዘፋኙ የት ሄደ?» እያለ ያሾፍ ነበር አሉ። በኋላ ያ ረዳት በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማ የለም። አባቴ ይህን ታሪክ ለእናቴም ነግሯት አያውቅም ነበር።

እኔ በግሌ፣ ዜማው ቃል ቢኖረው ኖሮ አባቴ የዘፋኙን ነገር ያስታውስ ነበር እላለሁ። ቃል ስለሌለው የራሱን አስቀመጠበት። ለጓደኛዬም መልሴ ይኸው ነው፤ ቃል የሌለው ሙዚቃ ባዶ ሳይሆን ቦታ የለቀቀ ነው።

ከኛ ዘመን የሚካኤል ሰይፉን «ዘላለም» (እ.ኤ.አ. 2016) እና የሮፍናንን «ነጸብራቅ» (2010 ዓ.ም.) ብትሰሙ ኤሌክትሮኒክ ድምፅና የአገር ቤት ዜማ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ታያላችሁ። ብቻ አደራ፣ እየዘለላችሁ አይሁን። ከአዋሽ ሰባት ሰመራ የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ ገዋኔ ስትደርሱ ክፈቱት።

ከቻላችሁም ብቻችሁን አትስሙ። ዝምተኛ አባት ያለው ሰው አጠገቡ ይክፈትለት። ቸር ይግጠመን!