ቃል አማና ነው፦ በካይሮ የተመራማሪዎችና የአስተርጓሚዎች ትብብር

ከጊዛ ተነሥቶ እስከ ፒራሚዶቹ ግርጌ የሚዘልቀው የሀረም ጎዳና በሩቅ አገር የሚታወቀው በጎብኚዎቹ ነው። ይሁን እንጂ በጎዳናው ግራና ቀኝ፣ በአጠገቡም በሚገኘው በፈይሰል ሠፈር፣ ከሱዳንና ከአፍሪካ ቀንድ አገሮች የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ስለ ኑሯቸው፣ ስለ ጤናቸውና ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ለማጥናት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የረድኤት ሠራተኞች እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ያነጋግራሉ። የሚሰበሰበው መልስ ትክክለኛነት ግን አብዛኛውን ጊዜ በመካከል በተቀመጠው ሰው፣ ማለትም በአስተርጓሚው ላይ የተመሠረተ ነው።

ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ጥገኝነት ጠያቂ በአማርኛ «ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ያዙኝ» ቢልና ቁጥሩ እንዳለ ወደ ዐረብኛ ቢመለስ፣ የጠዋቱ ድርጊት የሌሊት ይሆናል፤ በካይሮ ሰዓት ስምንት ነበርና። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ያለውም በዚያ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ሌላው ወርና ዓመት ሳይጠቅስ «ከዒድ ሁለት ቀን በፊት ነበር» ይላል፤ የፊጥር ይሁን የአድሓ የሚያጣራው ካልተገኘ ከሁለት ወር በላይ የሆነ ልዩነት ይፈጠራል። «አጎቴ» የሚለው ቃል እንኳ ፈተና አለው። ዐረብኛ የአባትን ወንድም «ዐም»፣ የእናትን ወንድም «ኻል» ብሎ ስለሚለይ፣ አስተርጓሚው ሳይጠይቅ በግምት አንዱን ቢመርጥና በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላው ቢጠቀስ፣ ባለጉዳዩ ቃሉን የለወጠ ይመስላል። የጥገኝነት ማመልከቻ ደግሞ በቃል መጣጣም ጭምር የሚመዘን በመሆኑ፣ የአንድ ቃል ስሕተት የአንድን ቤተሰብ ዕድል ሊወስን ይችላል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሞከረው ከዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። በካይሮ የሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 የስደተኞች ጥናት መርሐ ግብር ጀመረ፤ በ2002 ደግሞ የካይሮ የማኅበረሰብ አስተርጓሚዎች ፕሮጀክት በዚሁ መርሐ ግብር ሥር ተቋቋመ። ሠልጣኞቹ በአብዛኛው ራሳቸው ስደተኞች ሲሆኑ፣ ከቋንቋዎቹ መካከል አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይገኙበታል። የዚህ ሙያ ሥነ ምግባር ግልጽ ነው፦ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መተርጎም፣ ምሥጢር መጠበቅ፣ ለማንም አለማድላት፣ ያልገባን ቃል በግምት ከማለፍ ይልቅ ቆም ብሎ መጠየቅ።

በዚህ ዘመን በካይሮ ከሠሩት ምሁራን መካከል ባርባራ ሃሬል-ቦንድ ይጠቀሳሉ። ምሁሯ በ1982 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የስደተኞች ጥናት ማዕከልን የመሠረቱ ሲሆን፣ በደቡብ ሱዳን በዩጋንዳውያን ስደተኞች መካከል ያካሄዱትን ጥናት በ1986 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በዚያ መጽሐፍ፣ ዕርዳታ የሚቀበለውን ሕዝብ ሳያማክር ከላይ ሲጫን ምን እንደሚያስከትል አሳይተዋል። በ2000 ወደ ካይሮ ከመጡ በኋላም ማስተማርን ከስደተኞች የሕግ ድጋፍ ጋር አጣምረው እስከ መሥራት ደርሰዋል። ያረፉት በ2018 ነው።

ከእንዲህ ያለው ትብብር ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ። የረድኤት ድርጅቱ የሠለጠነ ሰው ያገኛል፤ ዩኒቨርሲቲውም በመጻሕፍት ውስጥ የማይገኘውን የመስክ ችግር ከሥሩ ይማራል። ይሁንና ሚዛኑ እኩል የማይሆንበት ጊዜ አለ። ተመራማሪው ጥናቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አስተርጓሚው ትናንት ምሥጢራቸውን ከሰማቸው ሰዎች ጋር በአንድ ሠፈር መኖሩን ይቀጥላል። ደጋግመው የተጠየቁት ቤተሰቦችም የመልሳቸውን ፍሬ ሳያዩ ይቀራሉ፤ የተጻፈው ጥናት እነርሱ በማያነቡት ቋንቋ ይታተማልና።

ስለዚህ ትብብሩ በስምምነት ወረቀት ላይ ባሉት ፊርማዎች ብቻ አይለካም። ጥያቄዎቹ ሲዘጋጁ አስተርጓሚው አብሮ መክሯል ወይ? ለድካሙ ተገቢ ክፍያ አግኝቷል ወይ? የጥናቱ ውጤትስ መልስ ለሰጡት ሰዎች በሚሰሙት ቋንቋ ተመልሶ ተነግሯል ወይ? በሀረም ጎዳና በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ታሪኳን ለማታውቀው ሰው የምትተርክ እናት ቃሏን አማና ብላ ትሰጣለች። አማና ደግሞ የሚጠበቀው ለባለቤቱ እንዲመለስ ነው።